የሰባተኛው አንቀጽ ባዶ ቦታ

ኢንስፔክተሩ ሰኞ ጠዋት ወደ ብየዳ ቤቱ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ሌባው ሳይነካ በተዋቸው ዕቃዎች ላይ ነበር። የብየዳ ማሽኑ ገመዱ እንደተጠቀለለ ጥግ ላይ ቆሟል። አዲስ ግራይንደር ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። መሰርሰሪያው፣ መዶሻዎቹ፣ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሊሰወርበት የሚችለው የቀለም መርጫ እንኳ በየቦታቸው ናቸው። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ባለ ሦስት ደርብ መደርደሪያ ብቻ ወና ሆኗል። አቧራው ላይ የከባድ ነገሮች ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል።

"ቀስ በሉ፣ ማንም እንዳይነካው" አለ ከኋላው ለተከተሉት ሁለት ፖሊሶች። ይህቺን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ ስለሚላት ጣቢያ ውስጥ ስሙ ተረስቶ "ቀስ በሉ" ነው የሚባለው። እሱም ያውቃል፤ አይከፋውም።

ባለቤቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ክንዷን የብየዳ ፍንጣሪ ያጠቋቆረው፣ ሰፈሩ "ብረቷ" ብሎ የሚጠራት ሴት ናት። መራመድ ለማይችሉ ልጆች ተሽከርካሪ ወንበር ትሠራለች።

"እዚህ ላይ ምን ነበር?"

"ፎርማዎቼ።" በአገጯ ወደ መደርደሪያው አመለከተች። "የወንበሩን ቱቦ ብረት፣ ቱቦላሬውን፣ የምናጥፍባቸው። ልጁ ይለካል፣ ልኩን የያዘው ፎርማ ይመረጣል፣ ወንበሩ በዚያ ይወጣል። እነሱ ከሌሉ ያለኝ ብረት ብቻ ነው።"

"ስንት ናቸው?"

"አሥራ አንድ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለተሃድሶ ማዕከሉ አርባ ወንበር ማስረከብ አለብኝ። አርባ ልጆች ተለክተው እየጠበቁ ነው፣ ኢንስፔክተር። ፎርማ እንደ አዲስ ልሥራ ብል ስድስት ወር ይፈጅብኛል።"

ኢንስፔክተሩ በሩን አየ። ቁልፉ አልተሰበረም፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

"ቁልፍ ማን ጋ ይገኛል?"

"እኔ ጋ። እና ጋሼ ጋ።"

ጋሼ የምትላቸው የእናቷን ወንድም ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ በር ላይ በጥበቃነት ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሩ ደጅ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ።

"አባባ፣ ትላንት እሑድ ማን መጣ?"

"ማንም" አሉ ሽማግሌው፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

"ቀኑን ሙሉ እዚህ ነበሩ?"

"የት እሄዳለሁ?" ባርኔጣቸውን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ እጅ አዛወሩ። ከቀኝ ወደ ግራ መለሱት።

ኢንስፔክተሩ አልገፋቸውም። ደብተሩ ላይ "ባርኔጣ" ብሎ ጻፈና ዘጋው።

*

የሰፈሩ ሰው ግን ምርመራውን ጨርሶ ነበር። ከጎን ያለው ጎሚስታም፣ ማዶ ያለችው ባለሱቅም አንድ ስም ነው የሚጠሩት፤ ቀውላላው። ሰባት ዓመት ከብረቷ ጋር የሠራ፣ ከሁለት ወር በፊት ለቅቆ የራሱን ብየዳ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ፎርማ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ?

ከሰዓት በኋላ ያነጋገረው አከፋፋዩም ይህንኑ ደገመለት። አከፋፋዩ የብረቷን ወንበሮች ወደ ሌሎች ከተሞች እየወሰደ የሚሸጥ፣ ሸሚዙ እጥፋት የማያውቅ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ለኢንስፔክተሩ ወንበር ሳበለት።

"ስሰማ ልቤ ነው የተሰበረው። እሷ ማለት ለኔ እህቴ ናት" አለ። "ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ውጪ ነበርኩ እንጂ ሮጬ እደርስላት ነበር። ይኸው የሆቴሉ ደረሰኝ።"

ኢንስፔክተሩ ደረሰኙን ተቀበለ። የት ነበሩ ብሎ ገና አልጠየቀም።

"ማንን ይጠረጥራሉ?"

"በሰው ስም መግባት አልወድም... ግን ያ ረጅሙ ልጅ በኩርፊያ ነው የወጣው ይባላል። ለማንኛውም አርባዎቹ ልጆች እንዳይጎዱ ወንበሩን የሚሠራ ሌላ ቤት እያፈላለግሁ ነው።"

"ፈጥነዋል" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ለልጆቹ ስል ነው።"

*

ቀውላላው የገዛ ሱቁን በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። አልጋና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራል። ፖሊሶቹ ገና ከመግባታቸው አንደኛው ጥግ ላይ የተጣለ ጆንያ ገለጥ አደረገና ጮኸ።

"ጌታዬ! ፎርማ!"

"ቀስ በል" አለ ኢንስፔክተሩ።

ቀውላላው የእጅ ጓንቱን አወለቀ። ፊቱ ላይ ድንጋጤ ሳይሆን ንዴት ነው ያለው። "የራሴ ነው። ወረቀት አለኝ።"

ከመሳቢያ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰነድ አወጣ። ከብረቷ ጋር የተፈራረመው የሥራ ውል ነው፤ ሦስት ገጽ፣ በየገጹ ግርጌ ሁለት ፊርማ። ኢንስፔክተሩ ጣቱን እያስከተለ አነበበ። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። የታተመው ዓረፍተ ነገር በመስመር ተሰርዞ በላዩ በእጅ ተጽፏል፤ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጪ በራሱ ብረት የሠራው ዕቃ የራሱ ነው። ከጎኑም ሁለቱም ፈርመዋል።

"ይሄን ማን አሰረዘው?"

"እኔ። ልታስፈርመኝ ስትል ሰባተኛው ላይ ባዶ ቦታ አየሁ። ይሄ ምንድን ነው ስላት፣ ተወው ከቅጹ ጋር የመጣ ነው አለችኝ። ወይ ሙዪው ወይ ሰርዢው ብዬ ድርቅ አልኩ።"

"ተኮራረፋችሁ?"

"ሦስት ቀን አላናገረችኝም።" ቀውላላው ሳያስበው ሳቀ። "በአራተኛው ቀን ራሷ ምሳ ገዝታ መጣች። ኢንስፔክተር፣ እኔ በኩርፊያ አልወጣሁም። ልጅ ተወለደልኝ፣ ቤቴ እዚህ ሰፈር ነው፣ መንገዱ ከበደኝ። የእሷን ፎርማ ብሰርቅ እጄ ይቆረጥ።"

"እሑድ የት ነበርክ?"

"ክሊኒኩ ላይ ፍርግርግ ስገጥም ዋልኩ። ነርሷን ይጠይቋት።"

ነርሷ በስልክ ተጠየቀች። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መሰላል ላይ እንደነበረ፣ ሦስት ጊዜም የበሩ ጉበን ግንባሩን እንደመታው መሰከረች።

ኢንስፔክተሩ ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ ፎርማውን ገለበጠው። ጀርባው ላይ በቁጥር መምቻ የተመቱ አኃዞች አሉ።

"ይሄስ?"

"የተሠራበት ወርና ዓመት ነው። ፎርማ ሲያረጅ ልኩ ይዛባል፣ ስለዚህ ዕድሜውን እንወቅ ብላ ብረቷ ያስለመደችን ነው። ሁሉም ላይ አለ።"

ይህችንም ደብተሩ ላይ አሰፈራት። ለምን እንደምትጠቅመው ገና አላወቀም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ከፖሊሶቹ አንዱንም ሳያስከትል ሄዶ ከሽማግሌው ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

"አባባ፣ ሰው ሁሉ ቀውላላውን እሰር እያለኝ ነው።"

ባርኔጣው መዞር ጀመረ። ከዚያ ቀጥ አለ።

"እሱ አይደለም" አሉ ሽማግሌው። "እሱ ምንም አላደረገም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ይንገሩኝ።"

"እሑድ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች በፒካፕ መጡ። ወረቀት አሳዩኝ። የልጄ ፊርማ አለበት፣ ክቡ ማኅተሟ አለበት። ፎርማዎቹን እንድንወስድ ውል አለን፣ እሷም ታውቃለች አሉኝ። መነጽሬ ተሰብሮ ወር ሆኖታል፤ ማንበብ አልቻልኩም ማለት አፈርኩ። ከፈትኩላቸው።" እንባቸው መጣ። "ከፈትኩላቸው ብቻ? አብሬ አሸከምኳቸው እንጂ! ጠዋት ስታለቅስ ሳያት ምላሴ ተሳሰረ።"

"ፒካፑን ያውቁታል?"

"ቢጫ ነው፤ የግራ በሩ ብቻ ሰማያዊ። ባለፈው ወር ያ አከፋፋይ መጥቶ ፎርማዎቹን እየዳሰሰ አንድ፣ ሁለት እያለ ሲቆጥር ደጅ ላይ ቆሞ የነበረው ነው።"

ኢንስፔክተሩ እጁን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ። "አሁን ለእሷ ይንገሯት። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ።"

ነገሯት። ብረቷ ሰምታ ስትጨርስ አልተቆጣችም። አጎቷን አቅፋ ግንባራቸውን ሳመችና ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ውል አለን። አምና ነው የተፈራረምነው፣ ወንበሮቹን እንዲያከፋፍልልኝ። ግን ስለ ፎርማ አንድም ቃል አላወራንም።"

"ያንቺ ቅጂ የት አለ?"

"ሁለቱንም እሱ ወሰደ። አስገልብጬ አመጣልሻለሁ አለኝ። ዛሬ ነገ ሲል ቀረ።"

"በየገጹ ፈርመሻል?"

"መጨረሻው ላይ ብቻ።"

"ባዶ የተተወ ቦታ ነበረበት?"

ብረቷ ከንፈሯን ነከሰች። "ሰባተኛው ላይ። ለቤት ኪራዩም፣ ለብረት አቅራቢውም፣ ለሠራተኛውም፣ ለሱም ያው አንድ ቅጽ ነው የምጠቀመው። ስም እቀይራለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣ አለቀ። ሰባተኛው ምን እንደሚል ለራሴ አንብቤው አላውቅም።" ወናውን መደርደሪያ አየች። "አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ሳልለካ ብረት ቆርጬ የማላውቅ ሰው ነኝ እኮ።"

*

ለብረቷ ቅጹን ያወጣችላት የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ንጹሑን ቅጂ አትማ ለኢንስፔክተሩ ሰጠችው።

"ይሄ የማሽን ኪራይ ውል ነው፤ ርእሱን ቆርጣ ነው የምትጠቀምበት" አለችው። "ሰባተኛውን ያንብቡት። ለሥራው የሚያገለግሉት፣ ባዶ ቦታ፣ የእገሌ ንብረት ሆነው ይቆያሉ፤ ባለንብረቱም በፈለገ ጊዜ ሊያነሣቸው ይችላል ይላል። ለማሽን አከራይ ትክክል ነው፤ ማሽኑ የሱ ነዋ! ለሌላ ሥራ ሲሆን ግን መውጣት አለበት። ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳይተሽ የማይሆንሽን አስወጪ፣ የቀረውን ሙዪ ብያት ነበር። እሷ መቼ ቆማ ትሰማለች? ሞተር ሳይክሏን ሳታጠፋ እኮ ነው የምታናግረኝ።"

"ቅጹ መጥፎ ነው?"

"ምን በወጣው! ስንቱን ሰው ከጭቅጭቅ አድኗል። ያላነበበውን ሰው ግን አያድንም።"

የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ሰምቶ እጁን አራገበ።

"ፊርማው የሷ ነው? ማኅተሙስ?"

"አዎ፣ የሷ ነው።"

"እንግዲያማ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ይካሰሱ። መዝገቡን ዝጋው።"

"አንድ ቀን ይስጡኝ።"

"ምን ልታገኝ?"

"እኔ እንጃ። ወረቀቱን ገና አላየሁትማ።"

አዛዡ ተነፈሰ። "እስከ ነገ ማታ፣ ቀስ በሉ። እስከ ነገ ማታ ብቻ።"

*

ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተሩ የመበርበሪያ ፈቃድ ይዞ ከአከፋፋዩ መጋዘን ሲደርስ ባለ ሰማያዊ በሩ ቢጫ ፒካፕ ደጅ ላይ ቆሟል። አከፋፋዩ ሲያየው አልሸሸም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ፈገግ አለ።

"አዎ፣ ፎርማዎቹ እዚህ ናቸው። የኔ ናቸውና።"

"ሰኞ ዕለት ልቤ ተሰበረ ብለውኝ ነበር።"

"ለሷ አዝኜ ነዋ። ንብረቴን ማንሣቴን ያን ያህል ታከብደዋለች ብዬ አላሰብኩም። ይኸው ውሉ።"

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለው። ሰባተኛው አንቀጽ ተሞልቷል። ለሥራው የሚያገለግሉት አሥራ አንድ ፎርማዎች የአከፋፋዩ ንብረት ሆነው ይቆያሉ፤ ባለንብረቱም በፈለገ ጊዜ ሊያነሣቸው ይችላል። የብረቷ ፊርማ፣ ማኅተሙ፣ የአምናው ቀን፤ ሁሉም እውነተኛ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በደብተሩ ወደ ኋላ እየገለጠ አንድ ነገር ፈለገ።

"በሰባተኛው ላይ ያለውን በእጅ የጻፈው ማን ነው?"

"እኔ። እሷ እያየች።"

"መቼ?"

"በፊርማው ዕለት ነዋ።"

"ከዚያ ወዲህ ፊደል አልተጨመረበትም?"

"ነጥብ እንኳ!"

"ይሄንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ፤ መዝገቡን ለመዝጋት ያስፈልገኛል።"

አከፋፋዩ መዝገቡ ሊዘጋ መሆኑን ሲሰማ እስክሪብቶውን በደስታ አወጣ። ቃሉን ጽፎ፣ ቀን አስገብቶ፣ ፈርሞ ሰጠው። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ መጋዘኑ ጥግ ሄደ። ፎርማዎቹ በሸራ ተሸፍነው ተደርድረዋል።

"አንድ በአንድ ገልብጧቸው" አለ ፖሊሶቹን። "ቀስ በሉ፣ ከባድ ናቸው።"

የመጀመሪያው ጀርባ የአራት ዓመት ዕድሜ ነገረው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው፣ አራተኛው... ስምንተኛው ከውሉ በፊት የነበረው ዓመት ተመትቶበታል። ዳር ላይ የቀሩት ሦስቱ ከሌሎቹ ያንሳሉ፤ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሆኑ ናቸው። ኢንስፔክተሩ እነሱን ራሱ ተንበርክኮ ገለበጣቸው።

"እስቲ እዚህ ይምጡ። ይሄን ያንብቡልኝ።"

አከፋፋዩ ጎንበስ አለ። ቁጥሩን አየ። ሳያነብ ቀና አለ።

"እንግዲያው እኔ ላንብብልዎ። ከአራት ወር በፊት። ይሄም ከአራት ወር በፊት። ሦስተኛውም።" ኢንስፔክተሩ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። "አምና ይህ ውል ሲፈረም በዚያ መደርደሪያ ላይ የነበሩት ስምንት ፎርማዎች ናቸው። ለእነዚህ ለሦስቱ ያኔ ገና ብረት እንኳ አልተገዛላቸውም ነበር። በፊርማው ዕለት፣ እሷ ፊት፣ አሥራ አንድ ብለው የጻፉት ከየት አምጥተው ነው?"

ኢንስፔክተሩ ውሉን ገልጦ ሰባተኛውን አንቀጽ በጣቱ ጠቆመ።

"ባለፈው ወር ሄደው ቆጠሯቸው። መጥተው በቆጠሩት ልክ ሞሉት። ባዶ ቦታ መተዋ የሷ ስህተት ነው፤ ማንም አይክደውም። ከተፈረመ በኋላ ያለ ፈቃዷ መሙላት ግን ሐሰተኛ ሰነድ መሥራት ነው። በዚያ ሰነድ በር አስከፍቶ ዕቃ መውሰድም ስርቆት ነው።"

"ቁጥሩን... ተሳስቼ ሊሆን ይችላል" አለ አከፋፋዩ።

"አሁን የጻፉልኝ ቃል ኪሴ ውስጥ ነው" አለ ኢንስፔክተሩ። "ይሂዱ፣ መኪናው ውስጥ ይግቡ። የአርባዎቹን ወንበር ትእዛዝ በራስዎ ስም ሊያሠሩበት ያዘጋጁትን ቤት አድራሻም በመንገዳችን ላይ ይነግሩኛል።"

*

የአከፋፋዩ መዝገብ ወደ ዐቃቤ ሕግ አመራ። ፎርማዎቹ ፎቶ ተነሥተው፣ ተቆጥረው፣ ብረቷ ፈርማ ተረከበቻቸው። ከመፈረሟ በፊት የርክክቡን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ስታነብ መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ተሰልፈው ጠበቋት። ማንም አላጉረመረመም፤ ኢንስፔክተሩ በር ላይ ቆሞ ነበርና።

አራት ቀን ባክኗል። በአምስተኛው ቀን ቀውላላው የራሱን ሥራ ዘግቶ፣ ፎርማውን ተሸክሞ መጣ። ብረቷ ግን ሥራ ከማስነካቷ በፊት አስቀመጠችው። ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ፎርማው ቢጎዳ ማን እንደሚያሠራ፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ጽፋ አነበበችለት። ቀውላላው ሁለት ቦታ ላይ ተከራከረ፤ አንዱን አሸነፈ። ከዚያ ብልጭታው ጀመረ። አርባኛው ወንበር ከቀኑ አንድ ቀን ቀድሞ ወጣ።

ከወር በኋላ ኢንስፔክተሩ በዚያ ሲያልፍ በሩ ላይ ቆም አለ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተዘርግቷል፤ ብረቷ ከጠበቃ ጋር ተቀምጣ አሮጌውን ቅጽ ወደ አራት የተለያዩ ቅጾች ስትከፋፍል ሁለት ጠዋት ፈጅቶባታል። ለኪራይ የሚሆነው ለብቻ፣ ለአቅራቢ ለብቻ፣ ለአከፋፋይ ለብቻ፣ ለሠራተኛ ለብቻ። የማይመለከታት አንቀጽ ሁሉ ወጥቷል።

"ይግቡ ኢንስፔክተር! ምስክር ፈልገን ነበር" አለችው።

"የምን ምስክር?"

ሽማግሌው አጎቷ ከአግዳሚው ተነሥተው ገቡ። ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ።

"እኔ ነኝ የጠየቅሁት። ለሁሉም ውል ጻፈች። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ በር ላይ ስቀመጥ ለኔ የጻፈልኝ የለም።"

"ጋሼ፣ አጎቴ ስለሆኑ እኮ ነው..."

"አጎትሽ መሆኔ ሌላ፣ ሥራዬ ሌላ። የዓመት ፈቃዴ ይጻፍልኝ።"

"የት ሊሄዱ ነው?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"የትም። ግን መብቴ ነው።"

ብረቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች። ስትጨርስ ጮክ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"አራተኛዋን ድገሚያት" አሉ።

ደገመችላቸው። በዓመት አሥራ ስድስት ቀን ዕረፍት።

"አንድ ጊዜ ደግሞ።"

"ጋሼ፣ ገብቶዎታል እኮ!"

"ገብቶኛል" አሉ ሽማግሌው፣ እስክሪብቶውን እየተቀበሉ። "ስትነበብ ደስ ትላለች ብዬ ነው።"